አቧራ ያልነካው ወለል

ወዳጄ፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ በትህትና እስከ መጨረሻው ሰምቼ፣ በልቤ «ይኼ ሰውዬ ወይ የካርቱም ፀሐይ ናላውን መትታዋለች ወይ ጨዋታ ማሳመር ይወዳል» ብዬ የምተወው ነበር፣ ምክንያቱም እኔ በጂንና በዛር ወሬ እየሳቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ማደግ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ያየው ነገር አለው። እናቴ ከመሸ በኋላ «ቢስሚላህ» ሳትል የእጅ መታጠቢያ ውሃ እንኳ አትደፋም ነበር፣ እኔ ደግሞ እሷን ለማናደድ ስል ሆን ብዬ ሳልል እደፋለሁ፣ ምንም ሆኜም አላውቅም። ስለዚህ አሁን የምነግርህን «አይ፣ ይኼስ አይሆንም» ብትለኝ አልቀየምህም፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ።

ሥራዬ ሥዕል ነው። ካርቱም ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ያኔ ቀን ቀን ሱቅ ዐረቢ አካባቢ የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፣ ጭማቂ ቤቶች ግድግዳ ላይ ማንጎና ሐብሐብ እስላለሁ፣ ጊዜ ሲተርፈኝ ደግሞ የራሴን ሥራ እሠራለሁ፣ ሱዳኖቹ ስሜን ትተው «ረሳም» ነው የሚሉኝ፣ ሠዓሊ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ሐያት አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር አንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ሳምንቱን እዚያው አድራ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፣ ያለን ካላክላ ሰፈር አንዲት ክፍል ናት፣ የሣልኳቸውን ሸራዎች ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከማስገባቴ የተነሳ አልጋው ከጡብ ላይ ጡብ እየተደረበለት ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ ሐያት «አሁንስ መሰላል አምጣልኝ» እስክትለኝ ደርሷል።

አገር ቤት እንግባ ስላት እሺ አትለኝም ነበር። ታናሽ እህቷ ሰሚራ እኛ ጋ መጥታ ሦስት ወር ከተቀመጠች በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ለኛ ሳትነግር ወደ ሊቢያ ከሚያሻግሩ ሰዎች ጋር ሄደች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከበረሃው አፋፍ ደውላ «ውሃ አለን፣ አትስጉ» አለች፣ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ይህ የምነግርህ ነገር ሲሆን ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሐያት ስልኳ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ ስትቀይር ቁጥሯን ግን አልቀየረችም፣ ከካርቱምም ንቅንቅ አልልም ብላ ቀረች።

ይህ ሁሉ የሆነበትን ቤት የሰጡኝ ሐጃ በቱል የሚባሉ አሮጊት ናቸው። የሟች አባታቸውን ምስል ከአንዲት የደበዘዘች ፎቶ ላይ አስፍቼ ሣልኩላቸው፣ ሲያዩት «ዓይኑን አገኘኸው፣ ያ ወለዲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ይዘውኝ ሄዱ። አባታቸው ዳኛ ነበሩ፣ ከናይሉ ብዙም ሳይርቅ ከቀይ ሸክላ ያሠሩትን ቤት መክተባ አድርገውት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ከሰዓት ከሰዓት ራሳቸው ቆመው መጽሐፍ ያድሉ ነበር፣ የመጣው ሁሉ፣ ተማሪውም ሸቃዩም፣ ገብቶ ያነብ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ ተዘጋ። «ሰው ካልኖረበት ምስጥ ይጨርሰዋል» አሉኝ ሐጃ በቱል፣ «ልጆቼ አይፈልጉትም፣ አድሰው፣ ከሚስትህ ጋር ኑርበት፣ ሥዕልህንም ሥራበት። እኔ እስካለሁ ማንም ውጣ አይልህም።»

እስቲ አስበው ወዳጄ፣ ሸራውን አልጋ ሥር የሚደብቅ ሰው ጣሪያው ሁለት ፎቅ የሚያህል አዳራሽ ሲሰጠው! ረጅም ነው፣ ባዶ መደርደሪያዎች እስከ ላይ ግድግዳውን ሞልተውታል፣ ከጥግ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ይወጣል፣ በስተመጨረሻው ደግሞ የእንጨት ባንኮኒ አለ፣ በላዩ ቅስት መስኮት ያለው፣ አንባቢ መጥቶ የሚፈልገውን የሚጠይቅበት። መጽሐፍ የሚባል ግን የለም፣ ግማሹ ለትምህርት ቤቶች ተሰጥቶ ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ወንበርና ጠረጴዛም የለም። ይህን ያዝልኝ፣ አንድም ወንበር የለም።

ዐም ኢድሪስ የሚባል የኡምዱርማን አሮጌ ግንበኛ ያዝኩ፣ «ሲሚንቶ ይህን ቤት ያንቀዋል፣ የሚያስተነፍሰው ኖራ ነው» እያለ ኖራ ማቡካት ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ይለስናል፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ አሮጌውን ቀለም እፍቃለሁ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር የወተት ቀለም፣ እንዲህ እያልን ዓመት ሊሞላን ተቃረበ።

የመጀመሪያውን ነገር እንደ ነገር አልቆጠርኩትም። ስፍቅ ከታች ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል፣ ታውቀው የለ፣ ጣት ምራቅ ነክቶ ገጽ ሲያነሳ ያለችውን ትንሽ ድምፅ፣ መፋቄን ሳቆም ትቆማለች፣ ስጀምር ትጀምራለች። የግቢው የኒም ዛፍ ቅጠል ነው አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን እያንጎራጎርኩ ስሠራ፣ ድምፄ ለሠርግ የሚሆን አይደለም ግን ብቻዬን ስሆን አላርፍም፣ ከባንኮኒው በኩል «እህም» የሚል ጉሮሮ መጥረግ መጣ፣ ሰው ሥርዓት ያዝ ሲልህ የሚያሰማው ዓይነት። «ይቅርታ ዐም ኢድሪስ» ብዬ ዞር ስል ዐም ኢድሪስ በግድግዳው መስኮት ወዲያ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ኖራ ሲያቦካ ይታየኛል። ሳቅኩ። እመነኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት፣ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ እዚያ ቤት ውስጥ አንጎራጉሬ አላውቅም፣ ለምን ብዬም ራሴን አልጠየቅኩም።

ለዐም ኢድሪስ ነገርኩት።

«ኖራ ሲደርቅ ያወራል፣ ያ ረሳም» አለኝ።

«ጉሮሮውንም ይጠርጋል?»

አካፋውን እያጠበ «ያላ፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ልብ አልኩ፣ ግቢ ውስጥ እንደዚያ የሚጮኸው ሰውዬ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራኝ፣ አጠገባችን ሰው እያነበበ እንዳለ።

እንግዲህ ያቺ ዓርብ። ዐም ኢድሪስ ዓርብ አይሠራም፣ ሐያት ከአል-ጣኢፍ መጥታ ወለሉን አብረን ልናጥብ ነው። ቤቱን አልወደደችውም ነበር፣ «ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ሰው የሚተኛበት አይመስልም» ትላለች፣ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ተንበርክካ ፈተገችው፣ ከዓመታት እድፍ ሥር ጥቁርና ነጭ ንጣፍ ወጣ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ደስ አላት። «እዚህ ጋ አልጋ፣ እዚያ ጋ መጋረጃ» ማለት ስትጀምር ልቤ ሞላ፣ በቃ እሺ ልትለኝ ነው አልኩ።

ከዐስር ሶላት በኋላ የወፎቹ ድምፅ ቀጥ አለ። ወጥቼ ባይ በደቡብ በኩል ሀቡብ መጥቷል። ሀቡብን ነፋስ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቆሞ የሚሄድ የአቧራ ግድግዳ ነው፣ ከተማውን ከነፎቁ እየዋጠ ይመጣል፣ ቀኑ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ እጅህን የማታይበት ጥቁር ይሆናል። ሮጠን መስኮቶቹን ዘጋን፣ የዋናው በር መቀርቀሪያ ገና አልተጠገነም ነበርና በጀርባዬ ተደግፌ ያዝኩት፣ ሐያትን «እዚያ ምሰሶው ሥር ቁጭ በይ፣ ሻሽሽን አፍንጫሽ ላይ አድርጊ፣ እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ወዲያው መብራት ሄደ። የስልኬን መብራት ሳበራ የሚታየኝ ከፊቴ የሚርመሰመስ ቀይ ዱቄት ብቻ ነው፣ በየመስኮቱ ስንጥቅ፣ በጣሪያው ቀዳዳ ይገባል፣ ሐያት አትታየኝም፣ ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው የሚለየን።

መጀመሪያ የሰማሁት ወንበር ነው። አንድ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ በአንድ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ሲቀመጡ እንደሚሰማው ዓይነት፣ ከዚያ ጸጥ። ነፋሱ ውጪ እንደዚያ እየጮኸ አዳራሹ ውስጥ ያለው ጸጥታ እንዴት ሊሰማኝ ቻለ ብትለኝ አላውቅም፣ ግን ተሰማኝ፣ ብዙ ሰው አብሮ ዝም ያለበት ጸጥታ ነበር። ከዚያ ወረቀት መገለጥ ጀመረ። ከዚህም ከዚያም፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ረጋ እያለ።

«ሐያት!» ብዬ ጮህኩ።

«ሽሽሽ» አለኝ የሆነ ነገር። እዚሁ፣ ከግራ ጆሮዬ ጎን።

 በሩን ለቅቄ ልሄድ አስቤ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህና እግሬ አልታዘዘኝም፣ ለራሴ «በሩን ከለቀቅኩ ነፋሱ ይገነጥለዋል» እያልኩ ፈሪነቴን ሸፈንኩት። ያኔ ነው የሐያትን ድምፅ የሰማሁት። ምሰሶው ሥር ከተውኳት ቦታ አይደለም፣ ከወዲያ መጨረሻ፣ ከባንኮኒው በኩል። ስትጮኽ አይደለም፣ ሱቅ ሄዳ ዕቃ እንደምትጠይቅ በረጋ ድምፅ፣ «እህቴን» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሰሚራ» አለች። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፣ በመጨረሻ «እሺ፣ እሺ» አለች።

ዱዓ እያደረገች ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከዚያ የመስኮቶቹ ስንጥቅ ቀይ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ነፋሱ ወደቀ። በሩን በሰፊው ከፈትኩት። ብርሃኑ እስከ ባንኮኒው ድረስ ገባ።

አሁን ረጋ ብለህ ስማኝ። ያጠብነው ወለል በሙሉ አቧራ ለብሷል፣ እንደ በርበሬ የላመ፣ ጣትህን ብታሳርፍበት ምልክት የሚይዝ። ግን አንዳንድ ቦታ ንጹሕ ነው፣ ጥቁርና ነጩ ንጣፍ እንደታጠበ ያበራል። መጀመሪያ አልገባኝም፣ ከዚያ ዓይኔ ለመደው። የእግር ቅርጽ ነው። ሁለት ሁለት፣ ጎን ለጎን፣ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩን እንደሚያሳርፍ፣ በረድፍ በረድፍ፣ መካከላቸው ጠረጴዛ የሚያህል ክፍት እየተወ፣ ፊት ለፊት እየተያየ። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ። ሰው ረግጦት የሄደ ቢሆን አቧራው ላይ ዱካ ይኖር ነበር፣ ይኼ ግን ዱካ አይደለም፣ አቧራው ሲወርድ እግር እዚያ ስለነበረ ያላረፈበት ቦታ ነው። ወደዚያ የመጣ እርምጃ የለም፣ ከዚያ የሄደ እርምጃም የለም።

ሐያት ባንኮኒው ፊት ቆማለች። ፀጉሯ፣ ሽፋሽፍቷ፣ ሻሿ ሁሉ ቀይ ሆኗል። ልይዛት ስጠጋ በባንኮኒው ወዲያ፣ ከቅስቱ መስኮት ጀርባ ወለሉን አየሁት፣ እዚያም ጥንድ እግር አለ፣ ጣቶቹ ወደ እሷ የዞሩ።

«ነይ እንውጣ» አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝ፣ ያስፈራኝ ደግሞ ምን መሰለህ፣ ፈገግ ብላለች። ስድስት ዓመት ያላየሁት ፈገግታ ነው።

ካላክላ ወዳለችው ክፍላችን ተመለስን። ቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ ስትጨርስ እኔ ሳልጠይቃት ጀመረች።

«ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ።»

«ማን?»

«መስኮቱ ጋ ያለው ሰው። አንተ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። እህቴን አልኩት። ስሟን አለኝ፣ ነገርኩት።»

«በምን ቋንቋ ነው የጠየቀሽ?»

አሰበች፣ በጣም አሰበች። «አላውቅም። ብቻ ገባኝ።»

«እና ምን አለሽ?»

«አሁን የለችም፣ ወጥታለች አለኝ። ስትመለስ እንጠራሻለን አለኝ።»

 ሐያት ፎጣውን አጥፋ አስቀምጣ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እራት ልታቀርብ ተነሳች።

በነጋታው ቁልፉን ይዤ ሐጃ በቱል ዘንድ ሄድኩ፣ ልመልስላቸው። የደከምኩበትን ዓመት፣ አዳራሹን፣ ብርሃኑን ሁሉ ትቼ ማለት ነው፣ ቀላል እንዳይመስልህ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ይስቁብኛል ወይ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ የደስታ እንባ፣ ወዳጄ።

«ስትመለስ እንጠራሻለን ነው ያላት?»

«አዎ ሐጃ።»

«አባቴ ነው» አሉኝ፣ ልጅ ስለ አባቷ ስትኮራ እንደምታወራው። «አንድ መጽሐፍ ሰው ጋ ካለ፣ የፈለገውን ሰው ስም ይጽፍና ሲመለስ ያስጠራው ነበር። ለአንዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ፖርት ሱዳን ድረስ መልእክት ልኮለታል። ሰው ረስቶ አያውቅም። ለሚስትህ ንገራት፣ እጠራሻለሁ ካለ ይጠራታል።»

ያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ግቢ እየተቻኮልኩ ወጣሁ፣ ምክንያቱም ከዚያች በረሃ ማን እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ ማሰብ አልፈለግኩም።

ቁልፉን አልተቀበሉኝም። ሐያት ደግሞ «ካልገባን» አለች፣ ቤቱን ያልወደደችው እሷ! አይሆንም ብል «እንግዲያው ብቻዬን እገባለሁ» አለችኝ። የአል-ጣኢፉን ሥራ ተወች፣ ገባን። ሥዕሎቼን ሰቀልኩ፣ በሕይወቴ ያላየሁት ብርሃን ነበረኝ፣ ግን አንድ ደህና ነገር አልሣልኩበትም፣ ጀርባዬን ለባንኮኒው ሰጥቼ መቆም አልችልም ነበር። እሷ ከሰዓት ከሰዓት አንዲት በርጩማ ይዛ መስኮቱ ፊት ትቀመጣለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ ልብስ ትጠቅማለች። ወረቀት ሲገለጥ አልሰማንም፣ ወንበርም አልተጎተተም፣ ምንም። ያ ምንም ነው ያደከመኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ያን ግድግዳ ሲያንቀጠቅጠው፣ የለሰንነው ኖራ እየተላጠ ሲወርድ፣ ውሃ ሲጠፋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ ሐያት አልንቀሳቀስም አለች። ተለማመጥኳት፣ ጮህኩባት፣ በመጨረሻ እጇን ይዤ ጎተትኳት። ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ቦታ አግኝቼ ነበር፣ ካመለጠን ሌላ የለም።

«አንድ ደቂቃ ስጠኝ» አለችኝ።

ወደ ባንኮኒው ሄደች። በመስኮቱ አፏን አስጠግታ በቀስታ፣ ባንክ መስኮት ፊት እንደቆመ ሰው፣ የምንሄድበትን ነገረችው፤ ኮምቦልቻ፣ የእናቷን ስም፣ ሰፈሩን፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን አረንጓዴ የብረት በር። ደግማ ነገረችው። ከዚያ «እሺ» አለች፣ መጥታም እጄን ያዘች፣ ወጣን። በመተማ በኩል ገባን። ሐጃ በቱል ካይሮ ልጆቻቸው ጋ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቤቱ ይኑር ይፍረስ አላውቅም።

አሁን ኮምቦልቻ ነን፣ ታፔላ እጽፋለሁ፣ ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ላበቃልህ ነበር ያሰብኩት።

ባለፈው ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ቀለም እያማታሁ ሳለ ከውስጥ የሐያት ድምፅ «አቤት!» አለ፣ ጥርት ብሎ፣ በደስታ። ማንም አልጠራትም ነበር፣ ግቢው ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። በፊቴ እየሮጠች አለፈች፣ የብረቱን በር በረገደችው፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች። ሰው የለም። ተከትያት ወጣሁ።

«አንተ ነህ የጠራኸኝ?»

እስቲ ምን ልበላት? «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ፊቴን ትኩር ብላ አየችው፣ እንደማዘን አለች፣ ለኔ ያዘነች ነው የመሰለኝ።

«የሴት ድምፅ ነበር እኮ» አለችኝ።

በሩን ልዘጋው እጄን ስሰድድ፣ በሁለት እጇ ያዘችኝ።